ቴዲ ማካርቲ እና የ1990 ሁለት ፍጻሜዎች

ውድ የስፖርት ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አየርላንዳዊው ቴዲ ማካርቲ ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁ። በአውራጃው በኮርክ ውስጥ ግን የማያውቀው የለም።

መጀመሪያ እሱ የተጫወታቸውን ሁለት የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታዎች ላስተዋውቃችሁ። ሃርሊንግ በዱላና በትንሽ ጠንካራ ኳስ የሚደረግ ነው፤ የእኛን ገና አስቡና ኳሷን አየር ላይ አውጧት። ጌሊክ ፉትቦል ደግሞ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ሜዳውና ጎሉ ለሁለቱም አንድ ነው። በየቡድኑ 15 ሰው ይሰለፋል። በቴዲ ዘመን ኳስ ጎል ከገባች 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሃል ካለፈች 1 ነጥብ ነበር። ሌላውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ።

ቴዲ የግላንማየር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኮርክ ጋር የአየርላንድ የሃርሊንግ ዋንጫ በላ። በእግር ኳሱ፣ ማለትም በጌሊክ ፉትቦሉ ግን ኮርክ በ1987ም በ1988ም በፍጻሜ ተሸነፈ፤ ሁለቴም በሚዝ አውራጃ ቡድን። በ1989 ማዮን አሸንፈው ተነፈሱ።

ከዚያ 1990 መጣ። ሴፕቴምበር 2 ቀን ዱብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም የሃርሊንግ ፍጻሜ፤ ኮርክ ከጎልዌይ። ኮርክ 5 ጎልና 15 ነጥብ፣ ጎልዌይ 2 ጎልና 21 ነጥብ። ደምሩት፤ 30 ለ27! ሌላው ተጫዋች ሲጨፍር፣ ቴዲ ገና አንድ ፍጻሜ ይቀረዋል። ሴፕቴምበር 16 ቀን እዚያው ሜዳ ተመልሶ ገባ። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሚዝ! 11 ለ9 አሸነፉ፤ ጎል የሚባል አልተቆጠረም። በአንድ ዓመት በሁለቱም ፍጻሜ ተሰልፎ ሁለቱንም ዋንጫ ያነሳ ወንድ ተጫዋች ከእሱ በቀር የለም።

ለዚህ ሁሉ ደሞዝ አልተከፈለውም። የጌሊክ ስፖርት ተጫዋች አማተር ነው፤ እንጀራው ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ሰዎች «ተሰጥኦ ነው» ብለው ያልፉታል። ተሰጥኦማ ነበረው፤ ከሰው በላይ ዘሎ ኳስ ሲቀልብ ጉድ ያሰኝ ነበር። እኔ ግን የጨዋታው ፕሮግራምም ትልቅ ድርሻ ነበረው ባይ ነኝ። ያኔ ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ስለነበር ጨዋታው ጥቂት ነው፤ በመሃልም እረፍት አለ። አንድ ሰው ለሁለት ቡድን ሊበቃ ይችል ነበር። ከ2018 ወዲህ በሃርሊንግ የክፍለ አገር ውድድሮች ላይ የምድብ ጨዋታ ስለገባ ግጥሚያው ተደራርቧል። ልምምዱም የባለሙያ ሆኗል፤ ክፍያው ብቻ የለም። ስለዚህ ወጣቱን «አንዱን ምረጥ» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። ሁለቱን የሚችል ልጅ ያለ ጥፋቱ ግማሹን ይተዋል።

በሴቶቹስ? የኮርኳን ሪና በክሊን ልጥቀስላችሁ። በእግር ኳስ 11፣ በካሞጊ ማለትም በሴቶች ሃርሊንግ 7፣ በድምሩ 18 የአየርላንድ ዋንጫ አላት። የመጨረሻው በ2017 የመጣ ነው፤ ያውም አምበል ሆና። በእግር ኳሱ ደግሞ በ2012 በአምበልነት ዋንጫ አንስታለች።

ቴዲ በጁን 2023 በ57 ዓመቱ አረፈ። እስካሁን በወንዶቹ ያንን ዓመት የደገመው የለም። በአሁኑ ፕሮግራም የሚደግመው የሚመጣም አይመስለኝም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።