ከምንሸጠው ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚሄደው የሌሎች ሰዎች ኮድ

ምስል፦ በጣና ዳርቻ ያለ የጀልባ መነሻ፤ ጎብኚዎች በትኬት መሸጫው ፊት ተሰልፈዋል።

ተራኪ፦ በባሕር ዳር የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት፣ ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚዎችን ለሚያመላልሱ የጀልባ ማኅበራት የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ሠርቶ በዋጋ ያቀርባል እንበል። ፕሮግራሙ ትኬት ያትማል፣ ገቢ ይመዘግባል፣ ማታ ላይም የዕለቱን ሪፖርት ያወጣል። ድርጅቱ ራሱ የጻፈው ኮድ ግን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። መረጃውን የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት፣ በስክሪን ላይ የሚታየውን ገጽታ የሚያዘጋጀው ኪውት፣ ትኬቱ ላይ የአማርኛውን ጽሑፍ የሚያትመው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት፣ ሁሉም ሌሎች ሰዎች ደክመውባቸው ለሕዝብ የለቀቋቸው ሥራዎች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ደራሲዎቹ የቅጂ መብታቸውን ሙሉ በሙሉ የተዉት በኤስኪውላይት ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ባለመብት አላቸው፤ የምንጠቀምባቸውም ባለመብቶቹ በጻፉት ፈቃድ መሠረት ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። በአሜሪካም የሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን በሚመለከት በተነሣ ክርክር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ውሳኔ፣ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ፈቃድን ቅድመ ሁኔታዎች መጣስ በቅጂ መብት ሊያስጠይቅ እንደሚችል አረጋግጧል።

ምስል፦ የአንድ ኮድ ፋይል የመጀመሪያ መስመሮች፤ ዓመተ ምሕረት፣ የባለመብቱ ስም፣ ከዚያም የፈቃዱ ጽሑፍ።

ተራኪ፦ ኤምአይቲና ቢኤስዲ የተባሉት ፈቃዶች የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው፤ የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከሥራው እንዳይለዩ። አሁን የምታዩአቸው መስመሮች ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ ሲቀየር፣ ስለሚጠፉ፣ ለደንበኛው የሚደርሰው ፕሮግራም ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ጽሑፉን በተለየ ፋይል ወይም «ስለ ፕሮግራሙ» በሚለው ገጽ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ይህን ያህል ትንሽ ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይደለም። አፓቼ 2.0 የተባለው ፈቃድ በዚህ ላይ የተለወጡ ፋይሎች እንዲጠቆሙና ኖቲስ የተባለው ፋይል ካለ አብሮ እንዲሄድ ይጠይቃል። ፎንቱም ከፕሮግራሙ ጋር ሊሸጥ ይችላል፤ ለብቻው ግን አይሸጥም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ኪውት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ኤልጂፒኤል 3 በተባለ ፈቃድ የሚሰራጭ ስለሆነ፣ የራሳችንን ኮድ ሳንገልጥ ልንሸጥ እንችላለን፤ ነገር ግን ደንበኛው የኪውትን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) አሻሽሎ በራሱ ቅጂ መተካት መቻል አለበት። ላይብረሪዎቹን ፕሮግራሙ ሲሠራ በሚጠራቸው በተለዩ ፋይሎች (ዲኤልኤል) ማስቀመጥ ይህን በቀላሉ ያሟላል። ሁሉንም በአንድ ፋይል ማሰርም አይከለከልም፤ ሆኖም ደንበኛው እንደገና የሚያገጣጥምባቸውን ኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይል የተደረጉ የፕሮግራሙ ክፍሎች) መስጠትን ያስከትላል። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የሚመጣ የሽያጭ ውልም ብዙ ጊዜ «ፕሮግራሙን ፈትቶ መመርመር ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል። ኤልጂፒኤል ግን በላይብረሪው ላይ የተደረገን ለውጥ ለማረም የሚደረግን ምርመራ ውሉ እንዳይከለክል ስለሚያዝ፣ ይህ አንቀጽ መስተካከል አለበት።

ምስል፦ የዕለቱን የትኬት ሽያጭ የሚያሳይ ግራፍ።

ተራኪ፦ ይህን ግራፍ የሚሥለው ኪውት ቻርትስ ከዚያው ከኪውት ጋር የሚወርድ ቢሆንም፣ ፈቃዱ ጂፒኤል 3 ነው፤ አለዚያም የንግድ ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል። በጂፒኤል ከተጠቀምንበት፣ ለማኅበራቱ የምናስረክበው ፕሮግራም በሙሉ በጂፒኤል መሰጠት ይኖርበታል። ዋጋ መጠየቅ አልተከለከለም፤ ገዢው ግን ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ዋናውን ኮድ፣ የማግኘት፣ የመለወጥና ለሌላ የማስተላለፍ መብት አለው። ኮዱን መዝጋት የሚፈልግ ድርጅት ግራፉን በሌላ ላይብረሪ ይተካ ወይም የንግድ ፈቃዱን ይግዛ። በእኔ እምነት ግን ገቢው በዋናነት ከተከላ፣ ከሥልጠናና ከጥገና ለሚገኝ የከተማችን ድርጅት ኮዱን መክፈት የሚያስፈራ አማራጭ አይደለም።

እነዚህ ግዴታዎች የሚነሡት ፕሮግራሙ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው፤ ጂፒኤል ያለበትን ኮድ በቢሮ ውስጥ ለራስ ሥራ ማሻሻል ሶርስ ኮድ የመስጠት ግዴታ አያመጣም። ኤጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ግን ከዚህ ይለያል፤ ያሻሻልነውን ፕሮግራም በኔትወርክ አማካይነት የሚጠቀሙ ሰዎችም ሶርስ ኮዱን የማግኘት ዕድል እንዲሰጣቸው ያዛል።

ምስል፦ ፍላሽ ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ።

ተራኪ፦ ፕሮግራሙ በፍላሽ ለየማኅበሩ የሚታደል ከሆነ፣ የፈቃዶቹ ጽሑፎችም በዚያው ፍላሽ ላይ መኖር አለባቸው። የኪውትን ሶርስ ኮድ በተመለከተ፣ በጽሑፍ ቃል ገብቶ ቆይቶ መስጠት ይቻላል፤ ቃሉ ግን ቢያንስ ለ3 ዓመት፣ ለምርቱ ድጋፍ እስከሰጠን ድረስም የሚጸና መሆን አለበት። የተጠቀምንባቸውን ክፍሎች ሶርስ ኮድ እዚያው ፍላሽ ላይ መጫን ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ አንዱ ላይብረሪ ይዟቸው የሚመጣቸው ሌሎችም መካተት አለባቸው። ከእያንዳንዱ ጎን የእትሙ ቁጥር ይጻፍ፤ ፈቃድ ከእትም እትም ሊለወጥ ይችላልና። ፒዲኤፍ የሚያዘጋጀው አይቴክስት ቀድሞ በኤምፒኤልና በኤልጂፒኤል ፈቃዶች ይሰራጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 5ኛው እትም ግን በኤጂፒኤል ሆነ። ስለዚህ ላይብረሪውን ወደ አዲስ እትም የሚያሻግር ባለሙያ፣ ኮዱን ከመሞከሩ አስቀድሞ የፈቃዱን ፋይል ከፍቶ ያንብብ።