አቦል ላይ ውሸት፣ በረካ ላይ እውነት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀርጸው ደሴ እናቴ ቤት ሆኜ ነው፤ በመስኮቱ ጦሳ ይታየኛል። ስለ ሳይበር ጦርነት አወራለሁ ብያችሁ ነበር፣ ከጀበናው ልጀምር።

እሁድ ዕለት አቦል እየተቀዳ የአንዷ ጎረቤታችን ስልክ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፤ አንድ ሰው እየተጣደፈ «ግድቡ ተሰንጥቋል፣ ደብቀውን ነው» ይላል። «ኧረ ወዲያ!» አልን ሁላችንም። ቶናው ላይ ያው ድምፅ በሌላ ስልክ መጣ። ዝም አልን። በረካ ላይ ለሦስተኛዋ ከልጇ ደረሳት። ይኼኔ እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ «ሁሉም የሚለው መቼም ባዶ አይሆንም» አለች።

አንድም አዲስ ማስረጃ አልመጣም እኮ! ጆሯችን ለመደው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጥናት አለ። ተማሪዎች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ዓረፍተ ነገሮች ተሰጧቸው። የተደጋገሙት፣ ሐሰቶቹም ጭምር፣ እየቆዩ እውነት እየመሰሏቸው ሄዱ። አእምሮ የለመደውን ሲሰማ አይቸገርም፤ ያንን አለመቸገር ከእውነትነት ጋር ያምታታዋል።

መንግሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ኤድስን የሠራችው አሜሪካ ናት የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ የህንድ ጋዜጣ፣ ስም በሌለው ደብዳቤ ወጣ። በ1985 አንድ የሶቪየት ጋዜጣ ያንኑ እንደ ምንጭ ጠቅሶ ጻፈ፤ ከዚያ ብዙ አገር አዳረሰ። ያኔ ዓመታት የፈጀው ዛሬ በሦስት ስኒ መካከል ያልቃል።

እኛም ቀምሰነዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመረጃ መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኢንሳ፣ ከግብፅ የተነሳ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ተናግሮ ነበር። ድረ ገጽ ቢሰበር ባለሙያ ይጠግነዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሁድ ማታ ያየሁት ነው። እናቴ ቁም ሳጥኗን ከፍታ፣ ከእድር ደብተሯ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ያስቀመጠችውን የሕዳሴ ቦንድ አወጣች። ጫፉን በጣቷ እያስተካከለች ብዙ ቆየች። ምንም አላለችም። ለዚያ ወረቀት ያወጣችው ገንዘብ እንዴት እንደተጠራቀመ አውቃለሁ፤ በጣም ከፋኝ።

«አብሽሪ እማ፣ ከምንጩ እንጠይቅ» አልኳት። ደወልን። የመጀመሪያዋ ከሦስተኛዋ ልጅ ነው አለች። ልጁ ጅዳ ካለ ጓደኛው፤ ጓደኛው ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ። ሁለተኛዋም ከዚያው ግሩፕ። «ሁሉም» ያልነው አንድ በር ነበር። የግሩፑን ባለቤት ጻፍኩለት፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።