ጨዋማነቱ ለምን ዘለለ? የሲቲዲ መረጃ ሲዛባ ከየት እንጀምር

[ምስል፦ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የጨዋማነት መስመር። 40 ሜትር ላይ አንድ ሹል ወደ ቀኝ ወጥቷል።]

ይህን ሹል ተመልከቱት። ሲቲዲ የተባለው የባሕር ውሃ መለኪያ መሣሪያ ወደ ባሕሩ እየወረደ ሳለ 40 ሜትር ላይ ጨዋማነቱ ድንገት ዘለለ፤ ወዲያው ተመለሰ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነጥቡን ሰርዞ ያልፋል። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንወቅ።

ሲቲዲ ጨዋማነትን አይለካም። የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ነው። ጨዋማነት ከእነዚህ ከሦስቱ በስሌት ይወጣል። ስለዚህ ግራፉ ሲታመም በሽታውን የምንፈልገው ከጥሬው መረጃ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ ጨዋማነቱ ይደበዝዛል፤ ሦስቱ ጥሬ መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉ።]

ሙቀቱን እዩት፤ ንጹህ ነው። አስተላላፊነቱም ንጹህ ነው። ሁለቱም 40 ሜትር ላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሞቃቱ የላይኛው ውሃ አልቆ ቀዝቃዛው የሚጀምረው እዚያ ነውና። ታዲያ ሹሉ ከየት መጣ?

[ምስል፦ ሴንሰሮቹና ቱቦው በቅርበት። ሰማያዊ ቀለም በሙቀት ሴንሰሩ አልፎ ወደ መስታወቱ ቱቦ ይገባል።]

ፓምፕ ባለው ሲቲዲ ውሃው መጀመሪያ የሙቀት ሴንሰሩን ይነካል፤ ከዚያ አስተላላፊነት ወደሚለካበት ቱቦ ይገባል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ግን በዚያች ቅጽበት ሴንሰሩ ቀዝቃዛውን ሲያነብ ቱቦው ውስጥ ያለው ገና ሞቃቱ ውሃ ነው። ሞቃት ውሃ ደግሞ የተሻለ ያስተላልፋል። ስሌቱም «በዚህ ቅዝቃዜ ይህን ያህል ካስተላለፈ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ይደመድማል። የ0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ አለመገጣጠም ብቻውን ጨዋማነቱን በ0.1 ገደማ ያዛባል። ለጥልቅ ባሕር ይህ በጣም ትልቅ ስህተት ነው፤ የውሃ አካላትን፣ ማለትም በሙቀትና በጨዋማነት የሚለያዩ የባሕር ውሃ ክፍሎችን፣ የምንለየው ከዚያ ባነሰ ልዩነት ነውና።

መፍትሔው የአስተላላፊነቱን ንባብ በጊዜ በጥቂቱ ማሸጋሸግ ነው። እየሞከራችሁ ቀጥሉ፤ ሹሉ ከስሞ ወደ ግራ መውጣት ከጀመረ አልፋችሁታል።

[ምስል፦ ሌላ ግራፍ። ጨዋማነቱ ገና ከላይ ጀምሮ ዝቅ ብሏል።]

ይኼኛው ሌላ ነው። ሙቀቱ ባልተለወጠበት ቦታ ጨዋማነቱ ወርዷል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ቢቀር አስተላላፊነቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። መሣሪያውን ከላይ 10 ሜትር ገደማ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ፓምፑ አየሩን እስኪያስወጣ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጨዋማነቱ መውረድ መሃል ላይ ድንገት ጀምሮ ካልተመለሰ ግን ቱቦው የጄሊፊሽ ቁራጭ ውጦ ሊሆን ይችላል። ጥንድ ሴንሰር ካላችሁ ወዲያው ይታያል፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው በነበረበት ይቀጥላል።

ሁሉም መስመሮች በአንድ ቅጽበት ከዘለሉስ? ሴንሰሮቹን ተዉአቸውና ገመዱንና ማገናኛዎቹን ፈትሹ።

[ምስል፦ በጨዋማነቱ መስመር ጎን ቀይ ነጥቦች አንድ በአንድ ይቀመጣሉ።]

ቀዮቹ ነጥቦች አብረው ከወረዱት ጠርሙሶች የተቀዳ ውሃ በላቦራቶሪ ተለክቶ የተገኙ ናቸው። ልዩነቱ በየጥልቀቱ እኩል ከሆነ የካሊብሬሽን፣ ማለትም ሴንሰሩን ከትክክለኛው ልክ ጋር የማስተካከል፣ ጉዳይ ነው። ከጥልቀቱ ጋር እየሰፋ ከሄደ የግፊቱን ንባብ ተጠራጠሩ፤ መሣሪያው ውሃ ከመንካቱ በፊት በመርከቡ ወለል ላይ ስንት ያነብ እንደነበር መዝግባችሁ ከሆነ፣ ፍተሻው ከዚያ ቁጥር ይጀምራል።