የቆየ ስፖርት መኪና ሻንሲ፦ ከመቁረጥ በፊት መለካት

የተከበራችሁ የቆዩ መኪኖች ባለቤቶችና የጥገና ባለሙያዎች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር ወይም ስለ ቀለም ሳይሆን፣ ብዙ ገዢ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ብቻ አጎንብሶ ስለሚያየው ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን ስለሚሸከመው የብረት አጽም ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፦ ዝገት ክፉኛ የጎዳውን ሻንሲ ማደስ ከብየዳ በፊት የልኬት ሥራ ነው። ሻንሲ ክብደት ከመሸከሙም በላይ አራቱ ጎማዎች አንዱ ከሌላው አንጻር የሚቆሙበትን ቦታ የሚወስን ነውና፣ ብረቱ ተጠግኖ ቅርጹ ከጠፋ ጥገናው ከንቱ ነው።

ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት የተደራረቡ ላሜራዎች መካከል እርጥበት ሲገባ፣ የሚፈጠረው ዝገት ላሜራዎቹን እየገፋ ያላቅቃቸዋል፤ ለተጨማሪ ውሃም በር ይከፍታል። በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተን ጨው ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ከላሜራ በተሠሩ ዝግ ሣጥኖች፣ ማለትም ውስጣቸው ባዶ በሆነ ተሸካሚ ክፍሎች ውስጥ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ስለሚጀምር፣ ቀለሙ አብጦ በታየበት ጊዜ ከበስተጀርባው ያለው ላሜራ ሳስቶ ወይም ተበስቶ ሊገኝ ይችላል።

ከ1962 ጀምሮ የተመረተው ሎተስ ኤላን የተባለው ስፖርት መኪና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አካሉ የማይዝግ ፋይበርግላስ ቢሆንም የተሸከመው የላሜራ ሻንሲ ግን ይዝጋል፤ የሻንሲው የፊት አግድም ሣጥንም ተደባቂዎቹን የፊት መብራቶች የሚያንቀሳቅሰው የቫኪዩም (አየሩ የተመጠጠ ባዶ ቦታ) ማጠራቀሚያ ነው። ሣጥኑ ሲበሳ ቫኪዩሙ ያመልጣል፣ መብራቶቹም አልታዘዝ ይላሉ፤ ባለቤቱ ቱቦ እየቀያየረ ሲደክም ጥፋቱ ያለው ግን ሰስፔንሽኑን (ጎማዎቹን ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ስፕሪንጎችና ክንዶች) በተሸከመው ብረት ላይ ሊሆን ይችላል። እስከ 1980 የተመረተው ኤምጂቢ የተባለው ስፖርት መኪና ደግሞ የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ከበሮቹ ሥር ያሉት ሣጥኖች ራሳቸው ተሸካሚ ናቸው። እነዚህ ሣጥኖች በውስጣቸው የቆመ ግድግዳ አላቸውና፣ የውጪውን ላሜራ ብቻ ለውጦ መቀባት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ገዢን ከማታለል የማይለይ ሥራ ነው።

ስቱኮና የዝገት መለወጫ ፈሳሽ ያላቸውን ድርሻ አልክድም፤ ነገር ግን ፈሳሹ የላይ ዝገትን ያረጋጋ እንደሆነ እንጂ ለሳሳ ብረት ጥንካሬውን አይመልስለትም።

ሥራው ሲጀመር ባትሪው ይፈታል፣ የነዳጅ ታንኩና መስመሮቹ ይወጣሉ፣ በብየዳው አካባቢ ያለ ምንጣፍና የቆየ የሰም ሽፋንም ይወገዳል፤ ሰሙ በቀላሉ እሳት ይይዛልና። ከዚያ መኪናው ክብደቱን በትክክል በሚሸከሙ ነጥቦች ላይ ይደገፋል። ጣሪያ የሌለው መኪና ከሆነ የበሮቹን ክፍተት አግድም በተበየደ ወይም በቡሎን በታሰረ የብረት ዘንግ መወጠር ግዴታ ነው፤ ያለዚያ የበሰበሰው ሣጥን በተቆረጠበት ቅጽበት አካሉ መሐሉ ላይ ይሰምጣል፣ በሮቹም መግጠም ያቆማሉ። ከሰስፔንሽን ማሰሪያ እስከ ሰስፔንሽን ማሰሪያ ያለው ርቀት በቀጥታም በሰያፍም ይለካል፤ ከፋብሪካው ሰነድ ጋር ተነጻጽሮም ይጻፋል። ጎኖቹ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆረጡም። ቁርጡ ጤናማ ብረት እስኪደረስ ይቀጥላል፤ የሳሳ ጠርዝ ላይ የተበየደ ልጥፍ ከብየዳው አጠገብ ይቀደዳልና። ሙቀት ላሜራውን እንዳያጣምመውም ብየዳው በአጫጭር ነጥቦች፣ ቦታ እየቀያየሩ ይሠራል፤ በየመሐሉም ልኬቱ ይደገማል።

ጉዳቱ የሰስፔንሽን ማሰሪያዎችን ጭምር ከያዘ፣ ለምሳሌ ትራያምፍ ቲአር6 በተባለው ስፖርት መኪና የኋላ ጎማ ክንዶች በሚታሰሩበት አካባቢ እንደሚያጋጥመው፣ ልጥፍ ከመደራረብ ይልቅ ሻንሲውን በሙሉ መለወጥን እመርጣለሁ። 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሞቀ ቀልጦ በተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ሻንሲ ውስጡም ሊጠበቅ ይችላል፤ ይሁንና ሙቀቱ ብረት ሊያጣምም ስለሚችል አዲስ ነው ተብሎ ሳይለካ አይገጠም። ዚንክ የለበሰ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስም ትኩሳት ያስይዛል፤ ሽፋኑ ከብየዳው ቦታ መፋቅ፣ አየሩም መንሸራሸር አለበት። በአሮጌው ሻንሲ ላይ ስለተቀረጸው ቁጥር ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ፈቃድ ሰጪውን አካል መጠየቅ የሚገባው አሮጌው ከመጣሉ በፊት ነው።

ብየዳው አልቆ የዝገት መከላከያ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ፈሳሽ ሰም በረጅም ቱቦ ወደ ሣጥኖቹ ውስጥ ይረጫል። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በሰሙ እንዳይደፈኑም አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ይፈተሻሉ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።