በጣርማበር ጉም ውስጥ፦ ሞገድን በጨረር ቆራርጦ ማስላት

ሰላም፣ ሰላም! እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከአንቴና የወጣ አጭር የሬዲዮ ምት የት ቦታ፣ መቼ፣ ምን ያህል ሆኖ እንደሚደርስ እንዴት ይሰላል የሚለውን ነው የማወራችሁ። ለዚህ ደግሞ ከጣርማበር የተሻለ ቦታ የለም።

ከደብረ ሲና ሽቅብ የወጣችሁ ጉሙን ታውቁታላችሁ። የፊተኛው አይሱዙ ሰሌዳ አይነበብም። መኪናው አይታይም፤ መብራቱ ግን እንደ ነጭ ዘንግ ጉሙ ላይ ተጋድሞ ይታያል። እንግዲህ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ መታጠፊያው ላይ ቆማችኋል እንበል። ዳገቱ ላይ ሃያ መኪና አለ። የስንቱ መብራት ነው እናንተን የሚነካው? የሁለቱ፣ ቢበዛ የሦስቱ። የቀረው ወደ ገደሉ ነው፣ ከራስ በላይ ነው፣ ወደ ተራራው ነው። አንዱ ሾፌር ረጅም መብራቱን ብልጭ ቢያደርግ ደግሞ ነክቷችሁ ያልፋል፤ አለቀ።

ዘዴው ይሄው ነው! ኩራዝ ብታበሩ ቦታው ይታወቃል፣ አቅጣጫ ግን የለውም፤ በሁሉም በኩል ያበራል። የጠዋት ፀሐይ አቅጣጫዋ ይታወቃል፣ ግን ሜዳውን በሙሉ ነው የምትመታው። የመኪና መብራት ሁለቱም አለው። ብልጭ ሲል ደግሞ ጊዜም አለው። እኛም የአንቴናውን ሞገድ እንዲህ ባሉ ጨረሮች እንከፋፍለዋለን። ስለዚህ እናንተ ያላችሁበትን ለማስላት በአጠገባችሁ የሚያልፉትን ጨረሮች ብቻ ትደምራላችሁ። ሌላውን ትተዋላችሁ። እኔ ይሄን ሐሳብ በጣም ነው የምወደው።

ቆይ፣ ባለፈው ብዙዎቻችሁ «ጨረር ከሆነ አይሰፋም፣ ሌዘር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» ብላችኋል። ይሰፋል! አፖሎ 11 በ1969 ጨረቃ ላይ መስታወት ትቶ ነበር፤ ከምድር የሚላክበት ሌዘር እዚያ ሲደርስ ኪሎሜትሮች ይሰፋል። ራሳችሁ አስሉት። የጨረሩን ወገብ፣ ማለትም በጣም የጠበበበትን ቦታ፣ ራዲየስ በራሱ አባዙ፣ በፓይ አባዙ፣ ለሞገድ ርዝመቱ አካፍሉ። በ3 ጊጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 10 ሳንቲሜትር ነው። ወገቡ 1 ሜትር ከሆነ 31 ሜትር ገደማ ይመጣል። እስከዚያ ብዙም አይሰፋም፤ 310 ሜትር ላይ ግን አሥር እጥፍ ሆኗል። ወገቡን 2 ሜትር ብታደርጉት 31 የነበረው ወደ 125 ይሄዳል። ሰፊ ወገብ ያለው ነው ሳይበተን ሩቅ የሚሄደው፣ ቀጭኑ አይደለም! ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ሒሳቡን ቶሎ ልበላችሁ፤ ሞገድን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትነውን የፎሪየርን ሒሳብ ታውቃላችሁ። የአንቴናው ገጽ ላይ ያለውን ሞገድ በትንንሽ መስኮት ትቆርጣላችሁ፤ በቦታም፣ በአቅጣጫም። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በ1946 ያመጣው ሐሳብ ነው። መስኮቶቹ ልክ ለልክ ከተገጣጠሙ ስሌቱ ይናወጣል፤ ስለዚህ ትንሽ እንዲደራረቡ ይደረጋል። ምት ሲሆን ደግሞ ብዙ ፍሪኩዌንሲ በውስጡ አለ። ያቺ 31 ሜትር ያልናት ርቀት ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል እንድትሆን የየወገቡን ስፋት ትመርጣላችሁ። ያን ጊዜ ሁሉም አብሮ ይሰፋል፣ አንድ የጨረር ፍርግርግም ለሁሉም ያገለግላል።

ውጤቱ በየናኖሰከንዱ 30 ሳንቲሜትር የምትሄድ ጠባብ የሞገድ ቁራጭ ናት። እናንተ ጋ ከመድረሷ በፊት ምንም የለም፤ ካለፈችም በኋላ ምንም የለም።

ቀጥሎ እነዚህን ጨረሮች ተራራ ላይ እናጋጫቸዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ጥያቄያችሁንም ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።