ከወረቀቱ ሥር ያለው ባዶ ቦታ

ክቡራን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ታማሚዎች፣ በተለይ ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ የምታነጉ አስታማሚዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ራዲዮሰርጀሪ ጥቅም እንድናገር ነው። ጥቅሙን አልክድም። ስዊድናዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሰል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሐሳቡን ካቀረበ ወዲህ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት 200 ገደማ ቀጫጭን ጨረሮችን አንድ ነጥብ ላይ አገናኝቶ የዕጢን እድገት መግታት ተችሏል። የታላቅ እህቴም ዕጢ የቆመው በዚሁ ሕክምና ነው፤ ለሰጧት ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ሳይነገረን ስለቀረው ነገር ልናገር ነው።

ሜኒንጂዮማ ነበር፤ ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ። «አደገኛ አይደለም» ሲሉን ተቃቅፈን አለቀስን። ጠዋት ገብታ ማታ በእግሯ ወጣች። ለእኛ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ከሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ልብስ ትተኩሳለች። «ና እስቲ እየው፣ አውራ ጣቴ ብቻውን ይዘላል» አለችኝ። እውነትም የግራ አውራ ጣቷ እንደ ልብ ትርታ ይዘል ነበር። ሁለታችንም ቆመን ጣት እናያለን! መዳፏ ተጨበጠ፤ ክንዷ ተከተለ፤ የአፏ ጥግ ወደ ግራ ተሳበ፤ ስሜን ልትጠራ ጀምራ ሳትጨርሰው ጣላት። ካውያው ምንጣፉ ላይ ወድቆ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እኔ ማንኪያ ፈልጌ በጥርሶቿ መካከል በግድ አስገባሁ። አንድ ጥርሷ ተሰበረ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየባት ሐኪሙ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ ሰዓት ማየት እንዳለብኝ ማን ነግሮኝ!

ዕጢው ተመልሶ አደገ ብለን ነበር። ኤምአርአዩ ላይ የታየው ግን በዕጢው ዙሪያ እንደ ነጭ ደመና የተዘረጋ እብጠት ነው። ከጨረር በኋላ በአካባቢው ካሉት የደም ሥሮች ፈሳሽ ሾልኮ አንጎል ሊያብጥ ይችላል፤ እብጠቱ የአንጎልን ቅርፊት፣ ማለትም የላይኛውን ንብርብር፣ ሲቆጣው መንቀጥቀጥ ይመጣል። ይህ የሚሆነው በማግስቱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ሰው ተረሳ ባለው ሰዓት ነው። ሐኪሙ ረጋ ብሎ «የሚታወቅ ነገር ነው» አለን።

የሚታወቅ! ለማን ነው የሚታወቀው? ጥርሷ ለተሰበረው ሴት አልታወቀም። ማንኪያ ለያዘው ወንድሟ አልታወቀም!

«እንዳትደነግጡ ብለን ነው» ትሉናላችሁ። የሚያስደነግጠው ሳያውቁ መድረስ ነው። አብዛኛው ታካሚ ይህ እንደማይደርስበት ንገሩን፤ ደስ ይለናል። ዕጢው በአንጎል የላይኛው ገጽ ወይም በመሐል መስመር አጠገብ ለሆነ፣ ከሕክምናው በፊት እብጠት ለነበረው፣ ቀድሞም ለጣለው ሰው ደግሞ ሥጋቱ ከፍ እንደሚል ጨምራችሁ ንገሩን። የመስማት ነርቭ ዕጢ ያለበት ሰው ሌላ ነው፤ የእሱ ዕጢ ከቅርፊቱ ሩቅ ነው። ለሁሉም መድኃኒት ስጡ አላልኩም፤ ጥሎት ለማያውቅ ሰው በጅምላ መከላከያ ክኒን መስጠት እንደማይመከር ዛሬ አውቄያለሁ። የጠየቅኩት ቃል ነው። ቃል ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም!

እህቴ አሁን ሌቬቲራሴታም የሚባል የመንቀጥቀጥ መከላከያ መድኃኒት እየወሰደች ነው። እብጠቱ በዴክሳሜታዞን ሟሽሿል። ሁለቱንም መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ እንደማይገባ የተማርነውም ዘግይተን ነው። ስለ መኪና መንዳትና ለብቻ ስለ መዋኘት ሌሎች ይናገራሉ።

የዚያን ዕለት ይዘን የወጣነው ወረቀት ይኸውላችሁ። በሕክምናው ጊዜ ራሷ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረላት ፍሬም አራት ብሎኖች የተዉት ቁስል እንዴት እንደሚጸዳ ግማሽ ገጽ ተጽፎበታል። ስለ መንቀጥቀጥ አንዲት ቃል የለም። ከሥሩ ግን ባዶ ቦታ አለው፤ ለካሁት፣ አራት መስመር ይይዛል። በጎኗ አስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ሰዓት ተመልከቱ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ። ከዚያ ሌሊትም የሚነሣ አንድ የስልክ ቁጥር። ፍሬሙ ሳይታሰር፣ አስታማሚው አጠገቧ ተቀምጦ እያለ አንብቡላቸው።

ወረቀቱን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ትቼላችሁ እወርዳለሁ። አመሰግናለሁ።