ጣናን ለማዳን ከወንዞቹ እንጀምር

እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ጣና ላወራችሁ ነው። ጣና ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን እምቦጭ ነው፣ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፣ ብር ተዋጥቷል፣ ማሽን መጥቷል፣ ያ ልፋት ክብር ይገባዋል። እኔ ግን ሳስበው ሳስበው ጣና የሚድነው ወንዞቹ ላይ ይመስለኛል፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ።

ለምን መሰላችሁ፣ ነጭ ዓሳውን እንውሰድ። ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ዓሳ ይመስለዋል፣ ግን ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ይሄ ዓሳ ጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። የጢስ አባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከታች ያለ ዓሳ ወደ ላይ አይወጣም፣ እነዚህ እዚሁ ለብቻቸው ኖረው እዚሁ የተለያዩ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሳ አድነው ነው የሚበሉት፣ በጣም ይገርመኛል!

ታዲያ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ፣ ንጹህ ጠጠር ያለበት ጅረት ፍለጋ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዛው አፉ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ዓሳ የሚበለትበት ቦታ ሄዳችሁ እዩ፣ ሴቷ ስትቀደድ ሆዷ እንቁላል ብቻ ነው፣ ከአንጀቱ ጋር ተጠርጎ ይደፋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ነጭ ዓሳ በክብደት ሦስት አራተኛው ጠፍቷል።

ደግሞ መረቡ ቢነሳ እንኳ ያ ጠጠር በግንባታ ሰበብ እየተጫነ ይሄዳል፣ የቀረውን ከእርሻ የታጠበ አፈር ይደፍነዋል፣ እንቁላሉ ደለል ስር ሆኖ አየር ያጣል፣ በብርብራ ዛፍ ፍሬ ዓሳ የሚያሰክርም አለ። እና ልብ በሉ፣ ያው አፈርና ማዳበሪያ ነው ሐይቁ ገብቶ እምቦጩን የሚቀልበው፣ እምቦጩ የበረታውም እነ መገጭ፣ ርብና ጉማራ በሚገቡበት በሰሜን ምስራቁ ዳርቻ ነው። እንግዲህ ሁለት የምንለው ችግር ምንጩ አንድ ነው ማለት ነው።

አንድ በእድሜ የገፉ አስጋሪ "ልጄ፣ መረብህን ስቀል ትለኛለህ፣ ልጆቼ ክረምቱን ምን ይብሉ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዓሳ አዋጅ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ አለን፣ 315/1995፣ አዋጅ ብቻውን ግን ምጣድ ላይ አይጣድም። የእኔ ሀሳብ ይሄ ነው፣ ዓሳው ሽቅብ የሚወጣበት ወር ችግኝ የሚተከልበትም ወር ነው አይደል? የወንዝ አፉ በነዚያ ወራት ይዘጋ፣ አስጋሪው ደግሞ የወንዙን ዳር ደሾ ሳርና ዛፍ እየተከለ የቀን ሥራ ይከፈለው። ዳሩን ሳያርስ የሚተውለት የፎገራ ገበሬም ሳሩን አጭዶ ለከብቱ ይውሰድ፣ መሬቱን በነጻ ተው አንበለው። ርብ ላይ እንደተሠራው ዓይነት ግድብ ሲታሰብም የዓሳው መተላለፊያ ከመጀመሪያው ዲዛይን ውስጥ ይግባ፣ ከተገነባ በኋላ ማስተካከሉ በጣም ከባድ ነው።

እናንተስ፣ በተለይ ፎገራና ደምቢያ ያላችሁ፣ አስጋሪዎቹና ገበሬዎቹ በዚህ የሚስማሙ ይመስላችኋል? ጠይቃችሁ ድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ።